ስለ እንግሊዝኛና ድርሰት መምህራችን ምን እንላለን?

(በተማሪዎች ኅብረት ጉባኤ ላይ ከመልካ ጀብዱ የሚመላለሱ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)




የተማሪዎች ኅብረት «ተማሪ ስለ መምህሩ የሚሰጠው አስተያየት» በሚል ርእስ እንድንናገር ጠይቆናል። ርእሱ በጠቅላላው የተሰጠ ቢሆንም እኛ ስለ አንድ መምህር፣ ይኸውም እንግሊዝኛና ድርሰት ስለሚያስተምሩን መምህር ልንናገር መርጠናል። ስማቸውን አንጠራም። እርሳቸውም እዚሁ ተቀምጠው ይሰሙናል። ሰውን በፊቱ ማመስገን ውለታ መፈለግ፣ በፊቱ መንቀፍም ድፍረት ይመስላል። ቢሆንም በስተኋላ ከሚታማው ፊት ለፊት የሚነገረው ይሻላል ብለናል።

እኛ ከመልካ ጀብዱ እየተመላለስን የምንማር ነን። ጠዋት በባጃጅና በታክሲ ተጨናንቀን ወደ ከተማ ስንመጣ፣ ማታም ስንመለስ ከአፋችን የማይጠፋው የመምህራኖቻችን ነገር ነው። ማን ውጤት ይለግሳል፣ ማን ይጨክናል፣ ማን ቀርቶ ያስቀራል እንባባላለን። ይህ ወሬ ከባጃጅ ሳይወርድ በቀረ ጊዜ ጉዳቱ እምብዛም ነበር። አሁን ግን የመምህራችን ውል በመጪው ዓመት መታደሱ በተማሪው ግምገማም ጭምር እንደሚታይ ሰምተናል። እንግዲህ በወሬው ውስጥ የሰው እንጀራ አለበት፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ትምህርትም አለበት። ስለዚህ ከክፍል ጓደኞቻችን ጋር እየተገናኘን የሚሉትን ጠየቅን፤ የሰማነውንም ጻፍን።

አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፦ ቀይ እስክሪብቷቸው ምሕረት የለውም። አንድ ገጽ ድርሰት ሰጥተናቸው ሲመለስ የራሳችን ጽሕፈት ከቀዩ ቀለም ሥር ተውጦ እናገኘዋለን። አንዱን ድርሰት ሦስት ጊዜ ያጽፉናል፤ ሌላ ትምህርት የሌለን ይመስላቸዋል። ወረቀቱን ቶሎ አይመልሱም። ውጤት አይለግሱም። በክፍል ውስጥም አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ እንዳንናገር ስለሚከለክሉ፣ ያልገባው ተማሪ ጥያቄውን ውጦ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ እንዲህ ይላል፦ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምረን ተምረናል፤ የጻፍነውን ከመጀመሪያው መሥመር እስከ መጨረሻው አንብቦ የመለሰልን ሰው ግን እርሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። ሌላው ዘንድ ድርሰት ማለት ገጽ መሙላት ነበር፤ እርሳቸው ዘንድ ነገር መናገር ነው። ቀዩም ቀለም ቢሆን አብዛኛው ጥያቄ እንጂ ስድብ አይደለም።

ለዚህ ለሁለተኛው አንድ ምሳሌ እንጨምር። ባለፈው ሴሚስተር የሰፈራችሁን ሁኔታ ጻፉ ተባልን። ከእኛ አንዱ «መልካ ጀብዱ ብዙ ፋብሪካዎች ያሉበት በጣም ውብ ቦታ ነው» ብሎ ጀመረ። ወረቀቱ ሲመለስ በዳርቻው እንዲህ የሚል ተጽፎበት ነበር፦ «የትኛው ፋብሪካ? ከዚያ በስንት ሰዓት ማን ይወጣል? ምን ለብሶ? ወዴት ይሄዳል?» ልጁ ተናደደ። ሆኖም ማታ ከመንገድ ዳር ቆሞ ተመለከተ። የሁለተኛው ረቂቅ ከፈረቃ የሚወጡትን ሴት ሠራተኞች፣ የጫማቸውን አቧራ፣ የባጃጅ ዋጋ ለመቆጠብ አራት ሆነው ሲነጋገሩ፣ በዚያው መንገድ ግመሎች ለከባድ መኪና አልለቅም ሲሉ የሚያሳይ ሆነ። የሰዋስው ስሕተቱ ገና አላለቀም ነበር። ነገር ግን ጽሑፉ ከዚያ በኋላ የእርሱ ነበር፤ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ጋር ሊምታታ አይችልም።

ሦስተኛም ዓይነት አስተያየት ሰምተናል፤ እርሱን ግን ወደዚህ አላመጣነውም። ስለ አለባበሳቸው፣ ስለ ድምፃቸው፣ ትዳር ስለ መያዝና አለመያዛቸው የሚናገር ነው። «ለሴት ጥብቅነት አያምርም» ያለም አለ። ይህ ስለ እንግሊዝኛም ስለ ድርሰትም የሚናገረው ነገር ስለሌለ በአስተያየት መዝገብ ቦታ የለውም።

ጓደኞቻችን፤

ይህ ሁሉ ክርክር ለአንድ የትምህርት ዓይነት ነውን? የሚል ይኖራል። እንግሊዝኛ ግን ለእኛ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ወስኗል። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት እንደገና ሲጀመርም የእንግሊዝኛ ተግባቦት ትምህርት በሁለት ክፍል ከዝርዝሩ ገባ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም ከሞላ ጎደል የሚቀርበው በዚሁ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ሒሳብ አዋቂውም፣ ሕግ ተማሪውም፣ መሐንዲሱም ያወቀውን ለማሳየት በዚህ በር ማለፍ አለበት።

የእኛ ከተማ ደግሞ ቋንቋን ከሥራ ጋር የተማረች ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ በዚያን ጊዜ አዲስ ሐረር ትባል ነበር። የባቡሩ ኩባንያ የፈረንሳዮች ስለ ነበር የባቡር ሠራተኞች ፈረንሳይኛን ከብረትና ከዘይት ጋር ተማሩ፤ ለገሃሬ የሚለው የሰፈር ስም እስከ ዛሬ ይመሰክራል። አሮጌዎቹ የባቡር ሰዎች ፈረንሳይኛን ተናገሩ፤ ደብዳቤና ውል መጻፍ ግን ከመናገር ሌላ ነገር ነው። ዛሬ በመልካ ጀብዱ በኩል የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና ድሬዳዋ ላይ ተከፍቷል። እዚያ ያለው የሥራ ማመልከቻ፣ ሪፖርትና ውል በብዛት በእንግሊዝኛ ይጻፋል። መልካ ማለት በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው። የሰፈራችን ልጅ መሻገሪያው ላይ ደርሶ ሌላ ሰው ይጻፍልኝ እያለ እንዳይቆም ነው የምንከራከረው።

ደጋግሞ መጻፍ ከፈረንጅ የመጣ ቅጣት የሚመስለው ካለ፣ የገዛ አገሩን ትምህርት ቤት ያስታውስ። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ይሰብርበታል፣ ያቃናለታል፤ ተማሪው በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። በዋሸራም፣ በጎንጅም፣ በዋድላም ሊቅ የተባለው ሁሉ በዚህ መንገድ አልፏል። በሰፈራችን የቁርአን ቤት ያደግን ደግሞ ሉሑን እናውቃለን፦ ይጻፋል፣ ይጠናል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይጻፋል። ሦስተኛው ረቂቅ የእነዚህ ዘመድ ነው። የጥንቱ ተማሪ መምህሩን የሚገመግምበትም መንገድ ነበረው። ዝናውን ሰምቶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ አገር አቋርጦ ይሄድ ነበር፤ ያልተመቸውም ወደ ሌላው ይሻገር ነበር። ነገር ግን መምህሩን የሚያስመሰግነው ማሞገሱ ሳይሆን ያወጣቸው ደቀ መዛሙርት ነበሩ።

አሁን ወደ ቅጹ እንምጣ። በአገራችን ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች እንደሚሠራበት፣ የተማሪው፣ የባልደረባውና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ምዘና ተደምሮ የመምህሩ ውጤት ይሆናል። ተማሪው ከ1 እስከ 5 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ይመርጣል። ብዙ ጊዜ የሚሞላው በሴሚስተሩ መጨረሻ፣ ሁሉም ለፈተና በሚጣደፍበት ሰዓት ነው። በዚያ ጊዜ መልካም የተጻፈበት መምህር መልካም አስተማሪ ነውን?

ስኮት ካሬልና ጄምስ ዌስት የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሁራን በአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ ይህን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመዋል። እዚያ ተማሪው መምህሩን አይመርጥም፤ በዕጣ መሰል አሠራር ይመደባል፤ ፈተናውም ለሁሉም አንድ ነው። ውጤቱ እንዲህ ሆነ፦ ተማሪዎቹን ለዚያው ሴሚስተር ፈተና በደንብ ያዘጋጁ መምህራን ከተማሪ ከፍ ያለ ነጥብ አገኙ። በሚቀጥለው፣ ከበድ ባለው ትምህርት ተማሪዎቻቸው የበለጡላቸው መምህራን ግን በግምገማው ዝቅ ብለው ተገኙ። ይህ ማለት ለወደፊቱ ያስተማረው ሰው በዛሬው ቅጽ ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ አነስተኛ ጥናት ደግሞ አለ። በኢንተርኔት በሚሰጥ ትምህርት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ረዳት መምህራን ለአንዳንዱ ቡድን በገዛ ስማቸው፣ ለሌላው ቡድን አንዱ በሌላው ስም ቀረቡ። ማንም ቢያስተምር፣ ተማሪዎች ወንድ ነው ብለው ላሰቡት ከፍ ያለ ነጥብ ሰጡ። የታረመው ሥራ በእኩል ጊዜ ቢመለስም፣ ሴት የመሰለቻቸው ታዘገያለች ተባለች። «ወረቀት ያዘገያሉ» ብለን ከመጻፋችን በፊት ይህን ብናስብ አይከፋም።

ይህን ስንል ተማሪ አይናገር ማለታችን አይደለም። «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይባላል፤ መምህርም መካሪ ያሻዋል። ተማሪው አንዳንድ ነገር ከማንም ይልቅ ያውቃል። መምህሩ በሰዓቱ መግባቱን፣ ወረቀቱ መመለሱን፣ የጠየቀው መልስ ማግኘቱን፣ መሰደቡን ወይም መከበሩን ያውቃል። መምህሩ ትምህርቱን ምን ያህል እንደሚያውቀው፣ የዛሬው ጥብቅነት ከሦስት ዓመት በኋላ ምን እንደሚያፈራ ግን ገና ሊያውቅ አይችልም። በሚያውቀው ይመስክር፤ የማያውቀውን ለባልደረባና ለጊዜ ይተው።

በዚህ ሚዛን ስንመዝነው፣ በመምህራችን ላይ ከቀረቡት ወቀሳዎች ሁለቱ እውነት አላቸው። አንደኛው የቋንቋ ክልከላው ነው። ተማሪ ያልገባውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው አንድ ጊዜ ቢጠይቅ እንግሊዝኛው አይሞትም፤ ጥያቄውን ውጦ ቢቀመጥ ግን ትምህርቱ ይሞታል። መምህራችን ይህን እንዲያላሉልን በአክብሮት እንለምናለን።

ሁለተኛው የወረቀቱ መዘግየት ነው። ይህ ግን የእርሳቸው ጥፋት ብቻ ሊሆን አይችልም። ሒሳቡን እንሥራው። በአንድ ክፍል 60 ተማሪዎች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ሦስት ረቂቅ ቢሰጥ 180 ወረቀት ይሆናል። አንዱን ወረቀት በ10 ደቂቃ ቢያርሙት 1,800 ደቂቃ፣ ማለትም 30 ሰዓት ይወስዳል። ይህ ለአንድ ክፍልና ለአንድ ድርሰት ብቻ ነው። ሦስት ክፍል የሚያስተምር ሰው 90 ሰዓት ከየት ያመጣል? ቶሎ የሚመልስ መምህር ምናልባት ሳያነብ የሚመልስ ይሆናል። እንግዲህ ወቀሳው ለመምህሯ ብቻ ሳይሆን ክፍሉን ለሚያጨናንቀው አሠራርም ይድረስ።

ስለ ውጤት አለመለገስ የተባለውን ግን አንቀበልም። ዛሬ ስልኩን የከፈተ ሁሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስሕተት የሌለበት ድርሰት በአንድ ደቂቃ ያወጣል። እንዲህ ያለውን ወረቀት እያየ ከፍተኛ ውጤት የሚሰጥ መምህር ደግ ሳይሆን ለተማሪው ግድ የሌለው ነው። መምህራችን የመጀመሪያውን ረቂቅ በክፍል ውስጥ በእጃችን የሚያጽፉን፣ «ከዚያ በስንት ሰዓት ማን ይወጣል?» የሚሉን ለዚህ ነው። ስልኩ ከመልካ ጀብዱ መንገድ ዳር ቆሞ አያውቅምና።

ስለዚህ ለኅብረቱና ለትምህርት ክፍሉ የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ፤ ግምገማው በሴሚስተሩ መጨረሻ ብቻ ሳይሆን በመካከሉም ይደረግ። የመካከሉ አስተያየት ለነጥብ ሳይሆን ለማረም ይሁን፤ መምህሩም በክፍል ፊት መልስ ይስጥበት።

2ኛ፤ ከቁጥሩ ጎን ምክንያት ይጻፍ። 1 የሰጠም፣ 5 የሰጠም ያየውን አንድ ነገር ይጥቀስ። ስለ አለባበስ፣ ስለ ጾታ፣ ስለ ብሔርና ስለ ሃይማኖት የሚናገር አስተያየት አይቆጠር።

3ኛ፤ የድርሰት መምህር ሲመዘን የታረሙ ወረቀቶችም ይታዩ። የአንድ ተማሪ የመጀመሪያና የመጨረሻ ረቂቅ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ከቅጹ ይልቅ ይናገራል።

4ኛ፤ ጽሕፈት የሚሰጥበት ክፍል ቁጥሩ ይቀነስ፤ ካልተቻለም ለማረሚያ የሚውለው ጊዜ እንደ ሥራ ሰዓት ይታሰብ።

5ኛ፤ የአንድ ሴሚስተር ነጥብ ብቻውን የማንንም ውል አያስቀርም ይባል።

ጓደኞቻችን፤ ቅጹ በሚቀጥለው ሳምንት ይታደላል። ስም አይጻፍበትም፤ ስለዚህ ቂም መወጫ ሊሆን ይችላል፤ እውነት መናገሪያም ሊሆን ይችላል። ማንንም አመስግኑ ወይም ንቀፉ አንላችሁም። የምንለምናችሁ ከመሙላታችሁ በፊት ደብተራችሁን አውጥታችሁ በጥቅምት የጻፋችሁትንና አሁን የጻፋችሁትን እንድታነብቡ ነው። ልዩነት ካያችሁ ጻፉት። ካላያችሁም ጻፉት። መምህራችንም ያስተማሩን ይህንኑ ነው፦ ያያችሁትን ጻፉ፤ ያላያችሁትን አትጨምሩ።