«ስደተኛው አመጣው» ለምንል





የሼርቆሌ መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1997፣ የባምባሲው በ2012 ተከፈቱ። በሱዳን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነት ከተነሣ ወዲህም ብዙ ሕዝብ በኩርሙክ በኩል ወደ አሶሳ ምድር ገብቷል። በገበያም በሰፍም አብረን ነን። «ኤች አይ ቪን ስደተኛው አመጣብን» የሚለው ወሬም እንዲሁ በመካከላችን አለ። ለመሆኑ ከእኛ ስንቱ ነው በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥቶ እዚህ የሰፈረ ሰው ልጅ?

ወሬው ማስረጃ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2007 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በአፍሪካ የሚገኙ 12 የስደተኛ መጠለያ ስብስቦችን ከአካባቢያቸው ነዋሪ ጋር አነጻጽሮ፣ በ9ኙ ቫይረሱ በስደተኛው ዘንድ አነስተኛ ሆኖ አግኝቷል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ «የተገረዝን ነን፣ አይነካንም» የሚለው አነጋገር ነው። ግርዘት ወንዱ ከሴት የመያዝ አደጋውን በ60 ከመቶ ያህል ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ቫይረሱ ያለበት ባል ሕክምና ካልጀመረ ቢገረዝም ለሚስቱ ያስተላልፋል። በአንድ ትሪ መብላት፣ በአንድ ጀበና ውዱእ ማድረግ፣ መጨባበጥ ግን አያስተላልፍም። ምላጭ ለየብቻ ይሁን።

አሁን ወደ ኒካሕ ልምጣ። ባሏ የሞተባትን ስደተኛ በችኮላ የሚያገባ አለ። ምርመራው አዲስ የገባን ቫይረስ እስከ 3 ወር ድረስ ላያሳይ ይችላል። የባል ሞት ዒዳ ደግሞ 4 ወር ከ10 ቀን ነው፤ ነፍሰ ጡር ካልሆነች። ስለዚህ ዒዳዋን ጠብቃ የተመረመረች ሴት ውጤቷ የሚታመን ነው። ወንዱ ግን ዒዳ የለበትም! እርሱም ይመርመር፣ ጥርጥር ካለበት ከ3 ወር በኋላ ይድገም። ወረቀቱን ለእኔ ማሳየት አያስፈልግም፤ ሁለቱ ይተያዩ።

በመንገድ የተደፈረች እህት ካለች በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ቤት ትድረስ፤ ቫይረሱ እንዳይዛት የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ከዚያ ካለፈ ያ መድኃኒት አይሰጥም፣ ምርመራውና ሌላው ሕክምና ግን አይቀርም። ስለዚህ «ነውር ነው» ብሎ የሚያስቀራት ቤተሰብ ይጎዳታል።

የሕክምናው መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በነፃ ይሰጣል። በሥርዓቱ የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ በምርመራ የማይታይ ሰው በግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። እናትም ጤነኛ ልጅ ትወልዳለች።

ይህን ሁሉ የተናገርኩት ግን በአማርኛ ነው፤ አማርኛ የማይሰሙ ብዙ እንግዶች ከኋላ ተቀምጠዋል። ዐረብኛና ሩጣንኛ የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች ከሶላት በኋላ አትሂዱ፣ ወንዱ ለወንዱ፣ ሴቷ ለሴቷ ታስረዱልናላችሁ።