የኅብረ ሕዋስ ዓይነት በምን ይታወቃል?

በሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ባለፈው ስብሰባችን አንድ ጓደኛችን «የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ከመጣ ወዲያ አሮጌው የደም ውሃ ምርመራ ምን ይሠራል?» ሲል ጠይቆ ነበር። በአገራችንም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ስለ ተጀመረ፥ ጥያቄው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በሕዋሶቻችን ገጽ ላይ ኤች.ኤል.ኤ. የሚባሉ ምልክቶች አሉ፤ ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለየው በነዚህ ነው። የመጀመሪያውን በ1958 የገለጸው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ዶሴ ነው። ልጅ ከአባቱም ከእናቱም እኩል ስለሚወርስ፥ ሁለት የአንድ እናትና አባት ልጆች በዚህ ፍጹም የመመሳሰላቸው ዕድል ከአራት አንድ ነው።

ደጋግመው የወለዱ እናቶች፥ ፅንሱ ከአባቱ የወረሰውን ምልክት የሚቃወም ፀረ አካል በደማቸው ውሃ ውስጥ ይገኛል። ፖል ቴራሳኪና ባልደረባው በ1964 ባወጡት ዘዴ፥ ከዚህ የደም ውሃ ከጠብታ እጅግ ያነሰው ከሕያው ነጭ የደም ሕዋስ ጋር ይቀላቀላል፤ ኮምፕሌመንት የተባለው የደም ፕሮቲንም ይጨመርበታል። የሚፈለገው ምልክት ካለ ሕዋሱ ይሞታል፤ መሞቱም በቀለም ይታያል። ብልኅ ዘዴ ነው! ነገር ግን የደም ውሃው አንዱን ምልክት ከዘመዱ ሳይለይ ይቀር ነበር፤ ይልቁንም የአፍሪካውያንን ምልክቶች ለመለየት የሚበቃ የደም ውሃ በቀላሉ አይገኝም ነበር። ከሁለቱ አንዱ ምልክት ብቻ ሲታይም፥ ሰውየው ያንኑ ከሁለቱም ወላጆቹ ወርሶ ይሁን ወይም ሁለተኛው ተሰውሮ ይሁን አይታወቅም።

የግእዝ መምህራችን «ሠረቀ» ብለው ሲጠሩ ፀሐይ ወጣ ይሁን ሌባ ሰረቀ በጆሮ አንለይም፤ ሰሌዳው ላይ ሲጻፍ ግን በ«ሠ» እና በ«ሰ» እንለያለን። የደም ውሃ ምርመራ ድምፁን ይሰማል፤ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ጽሕፈቱን ያነባል። በጀርመን አገር በሃይደልበርግ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገደማ፥ ዲ.አር. የተባለው ክፍል በደም ውሃ ተለይቶ የተመዘገበው እንደ ገና በዲ.ኤን.ኤ. ቢታይ፥ ከአራት አንድ ያህሉ ተሳስቶ ተገኘ። ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም፤ በወረቀት የተስማማ የመሰለው ኩላሊት በእውነት አልተስማማም ማለት ነው። ለመቅኒ ንቅለ ተከላማ፥ የደም ውሃ አንድ ብሎ የሚጠራቸው ዓይነቶች ውስጥ ያለው ጥቂት ልዩነት እንኳ ይጎዳል።

እንግዲህ አሮጌው ይጣል? እኔ አይመስለኝም። በዲ.ኤን.ኤ. ላይ ተጽፈው በሕዋሱ ገጽ ግን ከቶ የማይወጡ አንዳንድ ዓይነቶች አሉ፤ ስሙ በመዝገብ ሰፍሮ ከክፍል እንደሚቀር ተማሪ ማለት ነው። ዲ.ኤን.ኤ. የማይመልሰው ሌላም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በሽተኛው በሰጪው ላይ አስቀድሞ ፀረ አካል አብጅቶ እንደ ሆነ ነው። ፓቴልና ቴራሳኪ በ1969 የ225 ንቅለ ተከላዎችን ውጤት ገለጹ። የበሽተኛው የደም ውሃ የሰጪውን ሕዋስ ከገደለባቸው 30 ኩላሊቶች 24ቱ ወዲያው ተበላሹ፤ ካልገደለባቸው 195 ግን የተበላሹት 8 ብቻ ነበሩ። ጓደኛችን ሆይ፥ ዛሬም ዓይነቱ በዲ.ኤን.ኤ. ከተነበበ በኋላ የበሽተኛው የደም ውሃ በሰጪው ላይ የሚመረመረው ስለዚህ ነው።