ስምንት ፊትና አንድ ድልድይ፤ የአሌክ ጊነስ የትወና ሕይወት በመሐንዲስ ዓይን
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከሙያችን ወጣ ያለ ርእስ መርጬ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ስለ አንድ ተዋናይ እናገራለሁ ብል ጥቂት ባልደረቦቼ ፈገግ ማለታቸው አልቀረም። ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት የሚያወራ ሰው ስለ መድረክ ምን ያውቃል ብትሉ አልፈርድባችሁም። ይሁን እንጂ የመረጥሁት ሰው፣ እንግሊዛዊው አሌክ ጊነስ፣ እኛን መሐንዲሶችን በቀጥታ የሚነኩ ሁለት ፊልሞችን በዋና ተዋናይነት የተጫወተ ስለሆነ፣ ርእሱ የሚመስለውን ያህል ከቤታችን የራቀ አይደለም።

ጊነስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1914 በለንደን ከተማ ነው። አባቱ ማን እንደ ሆነ በእርግጥ ሳያውቅ አደገ። በወጣትነቱ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ጽሑፍ አዘጋጅ ሆኖ ሲሠራ፣ ትወና ታስተምረው ዘንድ ወደ ተዋናይት ማርቲታ ሀንት ቢሄድ፣ ተዋናይ እንደማይሆን ነገረችው። እ.ኤ.አ. በ1946 ዴቪድ ሊን ከዲክንስ ልብ ወለድ ባዘጋጀው «ታላላቅ ተስፋዎች» ፊልም መምህሪቱና ተማሪው አብረው ተሳተፉ። በዚህ መካከል በባሕር ኃይል አገልግሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 በሲሲሊ ወረራ ጊዜ ወታደር የሚያራግፍ ጀልባ አዝዟል።

ይህ ሰው መልኩ ተራ ነበር፤ ገና በወጣትነቱ መላጣ የጀመረው፣ መንገድ ላይ ቢያልፍ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ዓይነት። ሀብቱም ይኸው ነበር። አንድን ገጸ ባሕርይ ማጥናት የሚጀምረው ከአረማመዱ ነው፤ እግሩ ከተገኘ ድምፁም ፊቱም ይከተላል የሚል እምነት ነበረው። እኛም ከመሠረት እንጂ ከጣሪያ አንጀምርም።

እ.ኤ.አ. በ1949 በኢሊንግ ስቱዲዮ በሮበርት ሄመር አዘጋጅነት በተሠራው «ደግ ልቦችና ዘውዶች» በተሰኘው ፊልም፣ የአንድ ባላባት ቤተሰብ ስምንት አባላትን ብቻውን ተጫወተ፤ ቄሱም፣ ጄኔራሉም፣ የባሕር ኃይል አዛዡም፣ እመቤቲቱም እርሱ ነው። ከእነዚህ ስድስቱ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአንድነት የሚታዩበት ትዕይንት አለ። ኮምፒዩተር ለዚህ ሥራ ባልደረሰበት ዘመን ይህ እንዴት ተቻለ? ካሜራ አንሺው ዳግላስ ስሎኮም ካሜራውን ቅንጣት እንዳይነቃነቅ አጥብቆ አሰረው። የሌንሱን ፊት በጥቁር መከለያ ሸፍኖ አንዱን ክፍል ብቻ ከፍቶ ያነሣል፤ ጊነስ ልብሱንና ፊቱን እስኪለውጥ ሰዓታት ይጠበቃል፤ ፊልሙ ወደ ኋላ ይጠነጠንና ቀጣዩ ክፍል ይከፈታል። ካሜራው በፀጉር ስፋት ቢዛነፍ የቀደመው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። ስሎኮም ማንም እንዳይነካበት ከካሜራው አጠገብ አድሯል ይባላል። ቴዎዶላይት ተክሎ ዘበኛ ያቆመ ቀያሽ ጭንቀቱን ይረዳዋል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1951፣ በአሌክሳንደር ማኬንድሪክ አዘጋጅነት በተሠራው «ባለ ነጭ ሱፉ ሰው» የማያረጅና የማይቆሽሽ ጨርቅ የሚፈለስፍ ወጣት ኬሚስት ሆነ። የፋብሪካ ባለቤቶች ገበያችን ይዘጋል ብለው፣ ሠራተኞች እንጀራችን ይቋረጣል ብለው ባንድነት ያሳድዱታል። አንዲት ምስኪን አሮጊት፣ የሚታጠብ ልብስ ከሌለ እኔ በምን ልኖር ነው ስትለው፣ መልስ አጥቶ ይቆማል። ፊልሙ አስቂኝ ነው። እኔ ግን አዲስ መሣሪያ ወደ ሥራ ቦታ በገባ ቁጥር ያች ሴት ትታወሰኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1957 ዴቪድ ሊን ያዘጋጀው «የክዋይ ወንዝ ድልድይ» ነው። መሠረቱ ፈረንሳዊው ፒየር ቡል እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳተመው ልብ ወለድ ሲሆን፣ ቡል ራሱ በትምህርቱ መሐንዲስ እንደ ነበረ ብዙዎች አያስተውሉም። ጊነስ የተጫወተው በጃፓኖች እጅ የወደቀውን እንግሊዛዊ ኮሎኔል ኒኮልሰንን ነው። መኮንኖቼ የጉልበት ሥራ አይሠሩም በማለቱ በፀሐይ በሚግል የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ይታሰራል። ከዚያ ወጥቶ እየተንገዳገደ የሚራመድበትን አካሄድ ጊነስ የወሰደው ከልጁ ነው፤ ልጁ በፖሊዮ ታሞ እንደ ገና መራመድ ሲማር ያየውን ነበር።

ኮሎኔሉ ካሸነፈ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ጃፓናዊው መሐንዲስ የመረጠው ቦታ ለመሠረት የማይሆን ጭቃ ነው፤ የእንግሊዝ መኮንኖች ቦታውን ይለውጣሉ፣ የሥራ ድልድል ያወጣሉ፣ ስድስት መቶ ዓመት የሚቆም እንጨት አግኝተናል ብለው ይደሰታሉ። ኒኮልሰን ጊዜው ሲያጥር በሽተኞችን ሳይቀር ከአልጋ ያስነሣል። ድልድዩ የጠላት ባቡር የሚያልፍበት መሆኑን ረስቷል ማለት አይቻልም፤ ያውቀዋል፣ ግን ከሥራው ማማር በታች አስቀምጦታል። ጊነስ ይህን ሰው ቂል አላደረገውም፤ ጨዋ፣ ታታሪ፣ ሥራ ወዳድ፣ ማናችንም አለቃችን ቢሆን የምንመኘው ዓይነት ሰው አደረገው። የሚያስፈራውም ይህ ነው። ሊንና ጊነስ በዚህ ላይ አልተስማሙም፤ ተዋናዩ ጥቂት ቀልድ ሊጨምርበት ይፈልግ ነበር። ፊልሙ ሰባት ኦስካር ሲያገኝ አንዱ የጊነስ ነበር።

በአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ይህን ፊልም ከሠራተኞች ጋር አይተነው ነበር። ድልድዩ ሲፈርስ አንድ ሽማግሌ ፎርማን፣ «ልጄ፣ ድልድዩ ምን በደለ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ የጠላት ነው እኮ» ብላቸው፣ «ጠላት ያልፋል፤ ወንዙን የሚሻገረው የአገሩ ሰው ነው» ብለው ተነሡ። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ቀጠለ፤ እስከ ዛሬም በእኔ ዘንድ አልተዘጋም።

ታሪኩ ግን ከፊልሙ የከፋ ነው። የታይላንድና የበርማ ባቡር ሐዲድ 415 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1942 እና በ1943 ሲሠራ ከ12,000 በላይ የጦር ምርኮኞች፣ ከእነርሱም እጅግ የሚበዙ የእስያ የጉልበት ሠራተኞች አልቀውበታል። የእውነተኛው ካምፕ አዛዥ ፊሊፕ ቱዚ እንደ ኒኮልሰን አልነበረም፤ ሥራውን እያጓተተ ሰዎቹን ለማትረፍ የታገለ መኮንን ነበር። በሕይወት የተረፉት ምርኮኞች በፊልሙ ማዘናቸው ፍትሐዊ ነው። የፊልሙ ድልድይ ራሱ የተሠራው በዚያን ጊዜ ሲሎን በምትባለው በስሪ ላንካ፣ ኪቱልጋላ አጠገብ ነበር።

በመድረክ ላይ ያከናወነውን በአጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1951 ለንደን ላይ ያቀረበው ሐምሌት አልተሳካም። ከሁለት ዓመት በኋላ ካናዳ፣ ስትራትፎርድ ውስጥ በድንኳን በተከፈተው ፌስቲቫል ሪቻርድ ሦስተኛን ተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ1960 በ«ሮስ» ተውኔት የዐረቡን ሎረንስ ሆኖ፣ በ1962 ደግሞ በሊን ፊልም የሎረንስን ወዳጅ ልዑል ፋይሰልን ሆኖ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1964 በኒው ዮርክ ገጣሚው ዲላን ቶማስን ተጫውቶ የቶኒን ሽልማት አገኘ።

ሁሉን መሆን ይችላል የሚለው እምነት ግን ጎድቶታል። እ.ኤ.አ. በ1948 በ«ኦሊቨር ትዊስት» ፋጊንን ሲጫወት ያደረገው ትልቅ አፍንጫ አይሁዶችን በጽኑ አስቆጥቷል፤ ፊልሙም በአሜሪካ እስከ 1951 ታግዷል። በ1984 በ«ጉዞ ወደ ሕንድ» ሕንዳዊ ፕሮፌሰር ሆኖ መቅረቡ ዛሬ ሲታይ ያሳፍራል። ችሎታው ቢፈቅድለትም ቦታው የሌላ ሰው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1977 በ«የከዋክብት ጦርነት» ያገኘው ዝናና ገንዘብ ከቀድሞው ሁሉ በለጠ፤ እርሱ ግን በዚያ ብቻ መታወሱን ጠልቶታል። የእኔ ምርጫ ቴሌቪዥኑ ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1979 እና በ1982 ባቀረባቸው ሁለት ተከታታይ ድራማዎች የጆን ለ ካሬን ሰላይ ጆርጅ ስማይሊን ተጫወተ። ለዚህም ሲዘጋጅ የብሪታንያ የስለላ መሥሪያ ቤት የቀድሞ አለቃ ከነበሩት ከሞሪስ ኦልድፊልድ ጋር ምሳ በልቶ ሁኔታቸውን አጠና። ስምንት ፊት የነበረው ሰው እዚህ ላይ ምንም አያደርግም ማለት ይቻላል፤ ያዳምጣል፣ መነጽሩን ይወለውላል፣ ዝም ይላል።

በሁለተኛው ድራማ መጨረሻ ስማይሊ በርሊን ውስጥ በሌሊት ከአንድ ድልድይ ጫፍ ቆሞ የዕድሜ ልክ ጠላቱን ይጠብቃል። ሰውየው ተሻግሮ ይመጣል፤ ከስማይሊ ወስዶት የነበረውን የሲጋራ መለኮሻ መሬት ላይ ጥሎ ያልፋል። ስማይሊ ያየዋል፤ አያነሣውም።