በጃፓን ስለሚገኙ የልዩ ልዩ ሕዝብ ልጆች ትምህርት ቤቶችና ስለ እናት ቋንቋ የተደረገ ንግግር



የጃፓን ስም በኢትዮጵያ ሊቃውንት ዘንድ እንግዳ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ዓ.ም. ወደዚያ አገር በመልእክት ሂደው፥ ሲመለሱ ያዩትንና የሰሙትን በመጽሐፍ ጽፈው ለአንባቢ አቅርበዋልና። የዛሬው ንግግር ግን ስለ ጃፓን ሕዝብ ሁሉ አይደለም፤ በዚያ አገር የልዩ ልዩ መንግሥታት ልጆች ባንድ ጣራ ሥር ስለሚማሩባቸው፥ ዓለም አቀፍ ስለሚባሉት ትምህርት ቤቶች ነው እንጂ። በንግግሩ ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጃፓን ከጥቂቶች በቀር ለውጭ አገር ሰው ደጇን ዘግታ ከ200 ዓመት በላይ ከኖረች በኋላ፥ በ1859 የዮኮሐማን ወደብ ለነጋዴዎች ከፈተች። ዮኮሐማ ቀድሞ ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩባት ትንሽ መንደር ነበረች። ነጋዴውና መልእክተኛው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በመጣ ጊዜ የልጆቹ ትምህርት አሳሰበው። ስለዚህ በ1872 የካቶሊክ መነኮሳይያት ሴን ሞር የሚባለውን ትምህርት ቤት በዚያች ከተማ አቆሙ፤ እርሱም እስከ ዛሬ ያስተምራል። ደግሞ በዚያው በ1872 የጃፓን መንግሥት ወንድና ሴት፥ ባላገርና መኰንን ሳይለይ ልጅ ሁሉ እንዲማር፥ በየመንደሩም ትምህርት ቤት እንዲቆም አዋጅ አወጣ። እንግዲህ የእንግዳው ልጅ ትምህርት ቤትና የባላገሩ ልጅ ትምህርት ቤት ባንድ ዓመት ተወለዱ ለማለት ይቻላል።

በ1923 ሴፕቴምበር 1 ቀን፥ እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፥ ጽኑ የምድር መናወጥ ሆኖ ቶኪዮንና ዮኮሐማን አፈረሰ፤ እሳትም ተከትሎ ከ100,000 የሚበልጥ ሰው አለቀ። ከተማይቱ ገና ከፍርስራሽዋ ሳትነሣ በ1924 የዮኮሐማ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ተመሠረተ። ቤት ከመሥራት ጋራ ልጅ ማስተማርን ያላቈየ ሕዝብ ሊመሰገን ይገባዋል።

የነዚህ ትምህርት ቤቶች ኑሮ እንዲህ ነው። ባንድ ክፍል ውስጥ የሕንድ፥ የኮርያ፥ የአሜሪካ፥ የፈረንሳይና የጃፓን ልጆች ጐን ለጐን ይቀመጣሉ። ትምህርቱ በብዙዎቹ ዘንድ በእንግሊዝኛ ነው፤ ነገር ግን ጀርመኖች ከ1904 ጀምሮ በቋንቋቸው የሚያስተምሩበት የራሳቸው ትምህርት ቤት አላቸው። መምህሩ ቃሉን ብቻ አስጠንቶ አይለቅም፤ ጥያቄ ያቀርባል፥ ተማሪዎቹም እየተከራከሩ መልሱን ይፈልጋሉ። ይህ ነገር በጉባኤ ቤት ላደገ ሰው አዲስ አይደለም። ምድሪቱ አሁንም የምትናወጥ ስለ ሆነች፥ ልጆቹ ከጠረጴዛ ሥር ገብተው እግሩን መያዝን፥ ከዚያም ሳይጋፉ በተራ ወደ ሜዳ መውጣትን ይለማመዳሉ። ወደ ጃፓኖች ትምህርት ቤት ለጉብኝት የሄዱ እንደ ሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ያያሉ፤ በዚያ ተማሪ ሁሉ የውጭ ጫማውን በደጅ አውልቆ ይገባል፥ ክፍሉንም በገዛ እጁ ይጠርጋል፥ ይወለውላል።

ከነዚህም በኋላ በ2014 በናጋኖ አውራጃ፥ ካሩይዛዋ በምትባል ደጋ፥ ከአሳማ ተራራ በታች ኮባያሺ ሪን የምትባል ጃፓናዊት ከባልንጀሮችዋ ጋራ አዳሪ ትምህርት ቤት አቆመች። እርስዋ ራስዋ በልጅነትዋ በካናዳ፥ የብዙ አገር ልጆች አብረው በሚያድሩበት ትምህርት ቤት የተማረች ናት። በካሩይዛዋ ከሩቅ አገር የመጡ ልጆች ባንድ ቤት ያድራሉ፥ ባንድ ማዕድ ይበላሉ፤ ከነርሱም ብዙዎቹ ክፍያው በርዳታ የሚሸፈንላቸው ናቸው። በቶኪዮና በዮኮሐማ ካሉት በብዙዎቹ ግን የአንድ ልጅ የዓመት ክፍያ ከ2 ሚሊዮን የን ይበልጣልና፥ የድኻ ልጅ በቀላሉ አይገባባቸውም።

እስካሁን የተነገረው መልካሙ ነው፤ አሁን ደግሞ አስቸጋሪው ይነገር። የጃፓን ጽሕፈት እንደ ኢትዮጵያ ፊደል በአንድ ገበታ ላይ የሚያልቅ አይደለም። የጃፓን ልጅ በመጀመሪያዎቹ 6 ዓመታት 1,026 የቻይና ቅርጾችን ያጠናል፤ ለሕዝብ የተወሰኑትም በጠቅላላው 2,136 ናቸው። እነርሱን ያላወቀ የአገሩን ጋዜጣና የመንግሥትን ደብዳቤ ማንበብ አይችልም። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ሲማር የሚውል የጃፓን ልጅ፥ በቤቱ የሚያስጠናው ካላገኘ፥ ቋንቋውን በአፉ እየተናገረ በዓይኑ ግን ዕውር ይሆናል። ከዚህም በላይ የአገሩ ሕግ ማንኛውም ጃፓናዊ ወላጅ ልጁን 9 ዓመት እንዲያስተምር ያስገድዳል፤ ከዓለም አቀፎቹ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ በሕጉ ከተወሰኑት ወገን ስላልሆኑ፥ ልጁን ወደነርሱ የላከ ወላጅ ግዴታውን እንደ ፈጸመ አይቈጠርለትም። ሆኖም በ2003 መንግሥቱ ደንቡን አላልቶ፥ ከተመሰከረላቸው ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች የሚወጡ ተማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና እንዲቀርቡ ፈቅዷል።

ቋንቋን ስለ ማጣት የሚመሰክር ታሪክ በጃፓኖች ዘንድ አለ። በ1871 መጨረሻ የጃፓን መንግሥት መልእክተኞቹን ወደ አሜሪካ ሲልክ አምስት ልጃገረዶች ለትምህርት አብረው ሄዱ፤ ከሁሉ የምታንሰው ትሱዳ ኡሜኮ የ6 ዓመት ልጅ ነበረች። በዋሽንግቶን ባንድ አሜሪካዊ ቤተ ሰብ ዘንድ አድጋ በ1882 ስትመለስ፥ እንግሊዝኛን እንደ አገሩ ተወላጅ ትናገር ነበር፤ የእናትዋን ቋንቋ ግን ረስታው ተገኘች። በተወለደችበት አገር እንግዳ ሆነች፤ ጃፓንኛንም እንደ ባዕድ ልጅ እንደ ገና ትማረው ዘንድ ግድ ሆነባት። ተስፋ ግን አልቈረጠችም። በ1900 በቶኪዮ የሴቶች ትምህርት ቤት አቆመች፤ ያም ዛሬ በስምዋ የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከ2024 ጀምሮም መልክዋ በ5,000 የን ገንዘብ ላይ ታትሟል። ትውቀቷ ለአገርዋ ጠቀመ፤ የጠፋባትን ለማግኘት የደከመችው ድካም ደግሞ ልጁን ወደ ሩቅ ለሚልክ ወላጅ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ሆነ።

ዛሬ አስተዋይ የሆኑ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ይህን ጕዳት ለመከላከል ይተጋሉ። ለጃፓን ልጆች ጃፓንኛን ከነጽሕፈቱ በየቀኑ ያስተምራሉ፤ ለእንግዳውም ልጅ የሚኖርበትን አገር ቋንቋ ይሰጡታል። በ1968 በጄኔቭ የተቋቋመው ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሚባለው ማኅበር ባወጣው ሥርዐት ደግሞ፥ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ተማሪው የገዛ ቋንቋውን ድርሰቶች እንደ አንድ ትምህርት ሊያጠና ይችላል፤ ቋንቋውን የሚያውቅ መምህር በቤቱ ባይገኝ እንኳ፥ በትምህርት ቤቱ ተቈጣጣሪነት መጻሕፍቱን ራሱ እያነበበ ለፈተና ይቀርባል። ይህ ሥርዐት የሌላውን ለመማር የራስን መጣል እንደማያስፈልግ ያስረዳል።

ይህን ነገር የኢትዮጵያ ሊቃውንት ከጥንት ያውቁታል። የቆሎ ተማሪ ከወላጆቹ ርቆ፥ በማያውቀው አገር ጎጆ ቀልሶ፥ ከየአውራጃው ከመጡ ልጆች ጋራ ይማራል። የሚማረው ግእዝ ነው፤ መምህሩ የሚተረጕምለት ግን በአማርኛ ነው። አማርኛው የላላበት ተማሪ ግእዙንም አያቀናውም። የካሩይዛዋም ተማሪ ነገር ከዚህ አይለይም፤ በራሱ ቋንቋ ማሰብን ያልተማረ ልጅ በሰው ቋንቋ የሚናገረው የሌላውን ቃል ብቻ ነው።

ስለዚህ በመንደር ትምህርት ቤት ያለ መምህር ሦስት ነገር ከዚህ ሊቀስም ይችላል። መጀመሪያ፥ ልጁ በቤቱ የሚናገረውን ቋንቋ አይናቅበት፤ ባንድ ክፍል ውስጥ ቤታቸው የሚናገረው ቋንቋ የተለያየ ልጆች ቢኖሩ፥ አንዱ በሌላው እንዳይሥቅ ይጠብቅ፥ ይልቁንም ቃልን በቃል እየተለዋወጡ እንዲማማሩ ያድርግ። ሁለተኛ፥ የውጭ ቋንቋ ሲያስተምር፥ ልጁ የተማረውን በራሱ ቋንቋ መልሶ እንዲያስረዳ ይጠይቀው፤ ማስረዳት ካልቻለ ገና አልገባውምና። ሦስተኛ፥ ልጆቹ የሚማሩበትን ክፍል ራሳቸው እንዲጠርጉ ያስለምዳቸው፤ ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም።

የአገር ሽማግሎችም ድርሻ አላቸው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ተረቱን፥ ምሳሌውንና የአባቶቹን ታሪክ የሚነግረው ሽማግሌ ካገኘ፥ ነገ ወደ ዮኮሐማም ሆነ ወደ ሌላ ሩቅ አገር ቢሄድ፥ ሲመለስ ከእናቱ ጋራ ያለ አስተርጓሚ ይነጋገራል።