ሜዳ ላይ ስለሚለቀቀው ሙዚቃ

የዛሬው መወያያችን እዚህ በሰው አገር በልጆቻችን የእግር ኳስ ውድድር ላይ በድምፅ ማጉያ የሚለቀቀው ሙዚቃ ነው። ስድብና ልቅ ወሲባዊ ቃል የሞላበት ዘፈን ልጆች በሚጫወቱበት ሜዳ ይለቀቅ ወይስ አይለቀቅ? የእኔን ሐሳብ አስቀድሜ ልናገር፤ አይለቀቅ እላለሁ። ነገር ግን «ባህላችን አይፈቅድም» ብለን ጉዳዩን ለመዝጋት አንቸኩል። ባህላችን እዚህ ተቀምጠን ከምናወራው በላይ ይፈቅዳል።

እኔ የደጀን ልጅ ነኝ። የዓባይን በረሃ አቋርጣችሁ፣ ዳገቱን ጨርሳችሁ ደጋው ላይ ብቅ ስትሉ የምታገኟት ከተማ ናት። በእኛ አገር ታኅሣሥ 29 ቀን ላይኛው ሰፈርና ታችኛው ሰፈር ቆልማማ ዱላ ይዘው ገና ይጫወታሉ። ያሸነፈው ወገን ዝም ብሎ ቤቱ አይገባም። እየጨፈረ፣ ግጥም እየደረደረ የተሸናፊውን ፍርሃት፣ መልክና ጉልበት ያብጠለጥላል። ድሮ ባላባቱም አይቀርለትም ነበር፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ስድብና ስፖርት የተገናኙት ፈረንጅ አገር ነው የሚል ሰው ካለ፣ ገና ሲጫወቱ አላየም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ያ ፈቃድ አጥር ነበረው። ሰዳቢው ራሱ ተጫዋቹ ነው፤ ፊቱ ይታያል፤ የማን ልጅ እንደሆነም ይታወቃል። የተሰደበው በግጥም ይመልስለታል። ቀኑ ሲመሽ ፈቃዱም አብሮ ያበቃል፤ ያንኑ ቃል በማግስቱ ገበያ ላይ የደገመ ይጠየቅበታል። ድምፅ ማጉያ ይህ ሁሉ የለውም። ስልኩን የሰካው ልጅ ማን እንደሚሰማው አያውቅም፤ ለሚሰማውም መልስ መስጫ የለውም። የ7 ዓመቱ ልጅና የልጅ ልጇን ጨዋታ ለማየት የመጣችው አያት እኩል ይሰማሉ። ቅር የሚለኝ ይሄ ነው፤ ቃሉ መኖሩ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ። እንግሊዝኛው ራፕ ሲለቀቅ አባት ትርጉሙ ሳይገባው ራሱን እየነቀነቀ ያጨበጭባል፤ ልጁ አጠገቡ በሀፍረት ይቀልጣል። ቀጥሎ የእኛው የጭፈራ ዘፈን ይመጣል፤ ስለ ሴት ዳሌና ጡት በሰምና ወርቅ የተባለውን እናቶች ሰምተው አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ልጆቹ ግን ምንም ሳይገባቸው እስክስታ ይወርዳሉ። አንዳችን የሌላውን ብልግና አንሰማም። ስለዚህ ክሱን በእንግሊዝኛው ላይ ብቻ መጫን ፍትሕ አይመስለኝም።

«ያለ እንዲህ ዓይነቱ ዘፈን ልጆቹ አይሞቁም» የሚሉ አሉ። ሙዚቃ ስፖርተኛን እንደሚያግዝ አልክድም። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ በርሚንግሃም የ2,000 ሜትር የቤት ውስጥ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ በአዳራሹ «ስካትማን» የተባለው ዘፈን ተለቅቆ ነበር፤ እርምጃውን ከምቱ ጋር አስማምቶ ሮጠ። ይህ ዘፈን ደግሞ ትርጉም የሌለው የአፍ ጨዋታ የሞላበት ነው፤ ዘፋኙም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚንተባተብ ሰው ነበር። ኃይሌን የረዳው ምቱ ነው። ልጆቻችንን የሚያሞቃቸውም እሱው ነው።

አሜሪካኖቹም በዚህ ነገር ብዙ ተጨቃጭቀዋል። የዚያን ጊዜው ሴናተር የአል ጎር ባለቤት ቲፐር ጎር ለልጇ የገዛችውን የዘፋኙን የፕሪንስን አልበም ስትሰማ ደንግጣ ከሌሎች እናቶች ጋር ተነሣች፤ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1985 እስከ ሴኔት ደረሰ። ሸክላ አሳታሚዎቹ ወላጆችን የሚያስጠነቅቅ ምልክት ለመለጠፍ የተስማሙት ያኔ ነው። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ከዘፈኑ ስም አጠገብ የምትታየው የ«ኢ» ፊደል የዚያ ምልክት ልጅ ናት። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ደግሞ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ልቅ ነገር ማሰራጨት የአሜሪካ ሕግ ይከለክላል፤ ልጆች ሊሰሙ የሚችሉበት ሰዓት ነውና። እንደ ገናው ሁሉ እዚህም ሰዓት አጥር ሆኗል። እኛም እንግዳ አይደለንም፤ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ዝግጅት ኳሱ ቀን፣ ኮንሰርቱ ማታ ነው።

ስድቡ የተቆረጠበት ቅጂ አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ግን ቃሉ በተቆረጠበት ቦታ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሲሞሉት ሰምታችኋል። ከሁሉ የሚከብደኝ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ለዘመናት ሲወረወር የኖረው ያ ስድብ ነው። ዘፋኙ ከገዛ ቁስሉ አንሥቶ ቢለው የራሱ ጉዳይ ነው። የእኛ ልጆች ተከራይተን በምንጫወትበት ሜዳ፣ ጎረቤት እየሰማ ሲጮሁት ግን፣ ነገ ትምህርት ቤት ያው ቃል ለእነሱ ሲወረወር ምን እንላቸዋለን?

በነገራችን ላይ፣ ከመስመር ዳር ቆሞ ዳኛውን በእናቱ የሚሰድብ አባትም አለን። እሱን ሳናስቆም ዲጄውን ብንቆጣ ልጆቹ ይስቁብናል።

እንግዲህ የማቀርበው ይህን ነው። ቀን፣ የልጆች ጨዋታ ባለበት ሰዓት፣ ዘፈኑ አስቀድሞ ከተሰማ ዝርዝር ብቻ ይሁን። ማታ ለአዋቂዎች ሌላ አዳራሽ ይከራይ፤ እዚያ የፈለጋችሁትን ጨፍሩ። ዝርዝሩን ልጆቹ ራሳቸው ያውጡት፤ እኛ ካወጣነው የድሮ ካሴት ብቻ ይሆናልና ማንም አይሞቅም። ዲጄው ቀብድ ከመቀበሉ በፊት ዝርዝሩን አይቶ ይፈርም። የአማርኛውን ሰምና ወርቅ ቁጭ ብዬ የማዳምጠው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛውን የሚያዳምጥልን ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ግን ያስፈልገናል፤ ሁለት ብትሆኑ ይሻላል። ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እስቲ እጃችሁን አውጡ።