ትልቁን ነገር ከፋፍሎ ማስላት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ፣ መሐንዲሶች አንድ ሥራ ከመሠራቱ በፊት ጥንካሬውን የሚመረምሩበት ዘዴ ነው። ፋይናይት ኤለመንት ይባላል። ስሙ ቢከብድም ምሥጢሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላልና።

በመጀመሪያ የሕድሞ ቤት ጣሪያ የተሸከመውን አግዳሚ እንጨት እንመልከት። የአፈሩ ክብደት፣ የእንጨቱም ዓይነትና ውፍረት ከታወቀ፣ ምን ያህል እንደሚጎብጥ በአንድ ቀመር ይገኛል። በየሜትሩ ያለው ጭነት ሳይለወጥ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን፣ ጉብጠቱ 16 እጥፍ ይሆናል። ይህ በእርሳስና በወረቀት የሚሠራ ነው።

ከመቀሌ በስተ ምዕራብ የሚገኘው፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ግን እንዲህ አይቀልም። ቁመቱ 188 ሜትር ሲሆን፣ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ እንደ ቅስት ቆሟል፤ ግፊቱንም ወደ ሁለቱ የገደል ግድግዳዎች ያስተላልፋል። በ100 ሜትር ጥልቀት ውሃው እያንዳንዱን ካሬ ሜትር 100 ቶን በሚያህል ክብደት ይገፋዋል። ለዚህ ቅርጽ አንድ ቀመር አይበቃም።

ስለዚህ መሐንዲሱ እንዲህ ያለውን ግድብ በሐሳቡ ወደ ትንንሽ ጡቦች ይከፋፍለዋል። የአንዲቱ ጡብ ጠባይ ይታወቃል፤ ይህን ያህል ብትገፋ ይህን ያህል ትሸሻለች። ጎረቤታሞቹ ጡቦች በሚገናኙበት ማዕዘን አብረው መንቀሳቀስ፣ ጉልበቶቹም በየማዕዘኑ ሚዛን መጠበቅ አለባቸው። ይህ ሁሉ ሲጻፍ በሺህ የሚቈጠር እኩልታ ይሆናል፤ ኮምፒዩተሩም ይፈታዋል። ለዘዴው ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጡለት አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ሬይ ክላፍ ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላም ከኤድዋርድ ዊልሰን ጋር ሆነው በአገራቸው የተሰነጠቀ አንድ ግድብ መረመሩበት።

«ኮምፒዩተሩ ከፈታው እኛ ሒሳብ ለምን እንደክማለን?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። መልሳችን ይህ ነው፤ ኮምፒዩተር የነገሩትን ብቻ ያምናል። በከተማችን አንዱ ሥፍራ ጽኑ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ሌላው ልል ሸክላማ ድንጋይ ነው። ልሉን ጽኑ ነው ብንለው፣ በቀለም ያጌጠ ሥዕል ያወጣልናል፤ ሕንጻው ግን ይሰነጠቃል። ዐዋቂ መሐንዲስ ስለዚህ ውጤቱን ይፈትናል። ድጋፎቹ የሚመልሱት ጉልበት ከጭነቱ ጋር እኩል መሆኑን ይደምራል፤ ጡቦቹን ይበልጥ አሳንሶም መልሱ መርጋቱን ያያል። ይህንንም የሚያደርገው እኛ አሁን በምንማረው ሒሳብና ፊዚክስ ነው።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ መጀመሪያ በወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በጦርነት፣ ብዙዎቻችን ሦስት ዓመት ያህል ከትምህርት ተለየን፤ ወደ ክፍል ያልተመለሱም ጓደኞች አሉን። በዚያው ጊዜ ድልድዮችና ትምህርት ቤቶች ፈረሱ። እነርሱን መልሰው ለመሥራት ተስፋ የሚደረግባቸው፣ እነዚያ ዓመቶች ያመለጧቸው እነዚሁ ተማሪዎች ናቸው። ያመለጠንን ዘለን ወደ ኮምፒዩተሩ ብንሮጥ፣ ባልመረመርነው መሠረት ላይ መሥራታችን ነው፤ በዚያ ድልድይ የሚሻገሩትም ወገኖቻችን ናቸው።

ስለዚህ ታናናሾቻችን ሆይ፣ ያለፋችሁን ምዕራፍ ከፋፍላችሁ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሥሩ። መምህሮቻችን፣ የዘጠነኛ ክፍሉን ጥያቄ በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብንጠይቅ አትሰልቹን። ወላጆቻችንም፣ ለሴቱም ለወንዱም የማጥኛ ሰዓት ስጡልን።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን።