ከሰባት ፊደል ቃል ስለ ማውጣት



የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የተሰናዳው ቃሉን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው። ፈላጊው የቃሉን መነሻ ፊደል ይዞ ይገባል፤ ፍችውን ይዞ ይወጣል። የቃል ጨዋታ ተጫዋች ግን የሚመጣው በሌላ በር ነው። በእጁ ያሉት የተበታተኑ ፊደላት ብቻ ናቸው፤ ቃሉ የትኛው እንደሆነ አያውቅም፤ ፍችውም ለጊዜው አያስፈልገውም። «ኪው የተባለው ፊደል ያለበት፣ ዩ ግን የሌለበት ቃል የትኛው ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ በተራው መዝገበ ቃላት ውስጥ አለ፤ ወደ መልሱ የሚያደርሰው መንገድ ግን የለም።

ይህን ችግር የብዙ ሰዎች የዘወትር ጉዳይ ያደረገው ስክራብል የተባለው ጨዋታ ነው። ፈጣሪው አልፍሬድ በትስ የኒውዮርክ ግዛት ተወላጅ ሲሆን ሙያው የሕንፃ ንድፍ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኢኮኖሚው ድቀት ሥራውን ባሳጣው ጊዜ፣ ጋዜጣ ዘርግቶ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ መቁጠር ጀመረ። ከቆጠራውም የጨዋታው 100 ጠጠሮች ድልድል ተገኘ። ኢ 12 ጠጠር ደረሰው፤ ኪውና ዜድ አንዳንድ ብቻ። ዋጋውም እንደ ብርቅነቱ ሆነና ኢ 1 ነጥብ፣ ኪውና ዜድ ግን እያንዳንዳቸው 10 ነጥብ እንዲያስገኙ ተወሰነ። ኤስ በጋዜጣ ላይ በብዛት የሚታይ ፊደል ሆኖ ሳለ 4 ጠጠር ብቻ ተሰጠው፤ በእንግሊዝኛ ማናቸውንም ስም ወደ ብዙ ቁጥር የሚለውጥ ፊደል ቢበዛ ጨዋታው ያለ ድካም ያልቅ ነበርና። ስክራብል የሚለው ስም የወጣለት በ1948 በጀምስ ብሩኖ ነው።

እያንዳንዱ ተጫዋች ሰባት ጠጠር ይይዛል። ጀማሪው ጠጠሮቹን እያገላበጠ ዕድሉን ይጠብቃል፤ የሠለጠነው ግን ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ የቃል መነሻና መድረሻ የሚሆኑትን ይለያል፤ አይ፣ ኤንና ጂ በእጁ ካሉ ለብቻቸው ያኖራቸውና ከቀሩት አራት ፊደላት ግሥ ይፈልጋል። ከዚህ የሚበልጠው ዘዴ ደግሞ ፊደላቱን በተራቸው መደርደር ነው። የዓይን መጋረጃ ስም የሆነው «ሬቲና» እና መያዝ ወይም ማስቀረት ማለት የሆነው «ሪቴይን» በፍችም በድምፅም አይገናኙም፤ ፊደላቸው በተራ ሲደረደር ግን ሁለቱም ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኤን፣ አር፣ ቲ ይሆናሉ። ስለዚህ ቃላትን ሁሉ በዚህ ድርድር መሠረት መዝግቦ የያዘ ሰው አንዱን ድርድር ሲያይ ወንድማማቾቹን ቃላት ባንድነት ያገኛቸዋል። ኤስ ሲጨመርበት ሰባቱም ፊደል ያለቀባቸው ቃላት ከአምስት በላይ ይደርሳሉ፤ ሰባቱን ባንድ ጊዜ ለጨረሰም 50 ነጥብ ይታከልለታል።

ኮምፒዩተርም የሚሠራው ከዚህ ብዙ ባልራቀ ዘዴ ነው። አንድሩ አፐልና ጋይ ጄኮብሰን በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ ቃላቱ የጋራ መነሻቸውንና የጋራ መድረሻቸውን እየተካፈሉ እንደ መንገድ መረብ ሊያያዙ እንደሚችሉ አሳዩ። መኪናው ከፊደል ወደ ፊደል ይጓዛል፤ መንገዱ በተዘጋበት ቦታ ይመለሳል፤ የማያደርሰውን መንገድ እስከ መጨረሻው አይሄድበትም።

የትኛው ቃል ተቀባይነት አለው የሚለው ክርክር በሰሜን አሜሪካ የረገበው፣ ከተለያዩ የኮሌጅ መዝገበ ቃላት የተውጣጣ የተጫዋቾች መዝገበ ቃላት በ1978 ሲታተም ነው። ዩ የማይከተለው ኪው ያለባቸው ቃላት ባመዛኙ ከዐረብኛ፣ ከዕብራይስጥና ከቻይንኛ የመጡ ናቸው፤ የሕይወት ኃይል ማለት የሆነው ባለ ሁለት ፊደሉ የቻይና ቃል በሰሜን አሜሪካ የውድድር ዝርዝር ውስጥ የገባው በ2006 ነው። ከዚሁ የእንግድነት በር ጤፍና ብርም ገብተው በሰሌዳው ላይ ይቀመጣሉ። ንጉሥ የሚለውም አለ። ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ በዚሁ አጻጻፍ ሌላ ቃል ይገኛል፤ ይኸውም ፍራንሲስ ኒገስ በተባለ ኮሎኔል ስም የሚጠራ ትኩስ የወይን መጠጥ ነው። ተጫዋቹ ያስቀመጠው ዘውዱን ይሁን ብርጭቆውን የሚጠይቀው የለም።

የቋንቋ መምህራንን ሊያሳስብ የሚገባው ነገር እዚህ ላይ ነው። የኒውዚላንዱ ናይጀል ሪቻርድስ ፈረንሳይኛ ሳይናገር፣ ዝርዝሩን በጥቂት ሳምንታት አጥንቶ፣ በ2015 የፈረንሳይኛውን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ፤ በ2024 ደግሞ የስፓኝኛውን። የሚያስደንቅ የማስታወስ ችሎታ ነው። ቋንቋ ማወቅ ነው ማለት ግን አይቻልም። በሰምና ወርቅ ላደገ ጆሮ ነገሩ እንግዳ ይመስላል፤ በቅኔ አንድ ቃል የሚደነቀው ሁለት ፍች ስለ ተሸከመ ነውና፣ ያለ ምንም ፍች የሚያሸንፍ ቃል ከየት ይመጣል? ቢሆንም ጥፋቱ የጨዋታው አይደለም፤ ጨዋታው የገባው የፊደል ውል እንጂ የትርጉም ውል የለውም። ጥፋቱ የሚመጣው መምህሩ ጨዋታውን ሳይለውጥ ወደ ክፍል ሲያስገባው፣ የተማሪውንም ነጥብ እንደ እውቀት ሲቆጥርለት ነው።

መለወጡም አይከብድም። ተማሪው ቃሉን ደርድሮ ሲጨርስ ፍችውን ይናገር፤ በዓረፍተ ነገርም ያግባው፤ ነጥቡ ከዚያ በኋላ ይመዝገብ። ጨዋታው ይዘገያል፤ ቸኩሎ መጨረሱ ለመምህሩ ምን ይጠቅመዋል? ለምሳሌ አንድ ተማሪ ኪው ደርሶት ዩ ቢያጣ፣ ኤና ቲ ግን በእጁ ቢኖሩ፣ ሦስቱን አሰልፎ 12 ነጥብ የሚያወጣ ቃል ይሠራል። ቃሉ ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባው የጫት ስም ነው። ተማሪው ከሐረር አካባቢ የመጣ ከሆነ ፍችውን ለመናገር መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልገውም።